የማይታየው ደጅና ጠባቂው

የሰው ድምፅ በተፈጥሮው ሩቅ አይሄድም። የሚናገር ሰው የሚሰማውን ሰው ፊት እያየ ይናገራል፤ እንግዳ ሲገባ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል፤ ሕፃን ሲመጣ ነገሩን ይለውጣል፤ ለሰሚው ጆሮ የማይገባ ነገር ሲሆን ዝም ይላል። ስለዚህ ለቃል የተሰጠው የመጀመሪያው ጠባቂ የተናጋሪው ዐይን ነው ብንል ከእውነት አንርቅም። በዘመናችን ግን ይህን ጠባቂ ሥራ የሚያስፈታ መሣሪያ በየአብያተ ክርስቲያናቱ ገብቷል። ይኸውም ሥዕልንና ድምፅን በቀጥታ የሚያስተላልፈው መሣሪያ ነው። በዚህ መሣሪያ ፊት የቆመ ሰው ተቀባዮቹን አያያቸውም፤ እነርሱ ግን ያዩታል፤ ይሰሙታልም። እንግዲህ ልንመረምረው የተነሣንበት ጥያቄ ይህ ነው፤ ሰው በማያየው ሰሚ ፊት ለሚወጣው ቃል ምን ያህል ተጠያቂ ነው? ሰሚውስ ለእርሱ ያልተነገረውን ቃል በሰማ ጊዜ ምን ማድረግ ይገባዋል?

ይህን ጥያቄ በመጻሕፍት መካከል ተቀምጠን ያወጣነው አይደለም። ከገዛ ስንፍናችን የተወለደ ነው። ነገሩንም እንደ ሆነው እንተርካለን፤ አስቀድሞ ግን መሣሪያው ወደ እኛ እንዴት እንደ ገባና እንዴት እንደሚሠራ ማስረዳት ያስፈልጋል።

በ2012 ዓ.ም. በመጋቢት ወር የኮሮና ወረርሽኝ ወደ አገራችን ገብቶ ሕዝብ በብዛት እንዳይሰበሰብ በታዘዘ ጊዜ፣ ደጀ ሰላሙ ለምእመናን ጠበበ። ሚያዝያ 11 ቀን የዋለውን የትንሣኤን በዓል ብዙው ምእመን በየቤቱ ሆኖ በቴሌቪዥንና በስልክ ተከታተለው። ያን ጊዜ በምናገለግልበት ደብር ያሉ የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች አንድ ካሜራ ተውሰው፣ አንድ ያገለገለ ኮምፒውተር ገዝተው፣ በቅኔ ማኅሌቱ ጥግ ጠረጴዛ ዘርግተው ማስተላለፍ ጀመሩ። እኛም ለጊዜው ነው ብለን ፈቀድን። በሽታው ሲቀል ሕዝቡ ተመለሰ፤ መሣሪያው ግን አልወጣም። ያልወጣበትም ምክንያት ነበረው፤ በእነዚያ ወራት ሁለተኛ ጉባኤ ተሰብስቦ ነበርና። እነዚህም ከአልጋ የማይነሡ አረጋውያን፣ በሆስፒታል የተኙ ሕሙማን፣ በባሕር ማዶ ቤተ ክርስቲያን ካለበት ከተማ ርቀው የሚኖሩ ልጆቻችን፣ ይልቁንም በሳዑዲ ዓረቢያ በሰው ቤት ተቀጥረው የሚያገለግሉ እኅቶቻችን ናቸው። በዚያ አገር ቤተ ክርስቲያን መሥራት አይፈቀድምና፣ ለእነርሱ ያቺ የስልክ መስተዋት ደጀ ሰላማቸው ሆነች። ይህን ካየን በኋላ ገመዱን ንቀሉ ለማለት አፋችን አልተከፈተም።

ካህን ስለ መሣሪያ ምን አገባው የሚል ቢኖር፣ ሰሙን ያልለየ ወርቁን እንደማያገኝ በቅኔ ቤት ተምረናልና የነገሩን ሰም አስቀድመን እንለይ እንለዋለን። የነገርን አሠራር የማያውቅ ሰው በየት በኩል እንደሚበድልም አያውቅም። ስለዚህ በጥቂት ምሽቶች ከወጣቶቹ ጠረጴዛ አጠገብ በርጩማ ስበን ተማርን። ትናንት ዳዊት ያስደገምነው ልጅ ዛሬ መምህራችን ሆኖ ሲያስረዳን ደስታም ኀፍረትም ተሰምቶናል።

ካሜራው በአንድ ሰከንድ ውስጥ 25 ሥዕል ያነሣል። እያንዳንዱም ሥዕል በአግድም 1920፣ በቁም 1080 ነጥብ ያለው ስለ ሆነ፣ በአንዱ ሥዕል ከ2 ሚሊዮን የሚበልጡ ነጥቦች አሉ። ይህ ሁሉ እንዳለ ይላክ ቢባል በየሰከንዱ ከ1,200 ሚሊዮን ቢት በላይ ይሆናልና በየቤቱ የገባው የኢንተርኔት መስመር አይችለውም። ስለዚህ በመካከል ኤንኮደር የሚባል ሥዕሉን የሚያሳንስ ሥራ ይገባል። ኤንኮደሩ አንዱን ሥዕል በሙሉ ይልክና፣ ለሚከተሉት የተለወጠውን ብቻ ይልካል። ካህኑ እጁን ቢያነሣ እጁ የተነሣበት ስፍራ ብቻ ይላካል፤ ያልተንቀሳቀሰው ግድግዳ እንደ ገና አይላክም። ከጥቂት ሰከንድ በኋላ ደግሞ ሙሉ ሥዕል ይላካል፤ ዘግይቶ የመጣ ተቀባይ ከዚያ ይጀምራልና። በዚህ ጥበብ ያ ሁሉ ብዛት ወደ 4 ወይም ወደ 5 ሚሊዮን ቢት ይወርዳል። ዛሬ በብዙ ስፍራ የሚሠራበት የማሳነሻ ሥርዐት ኤች 264 የሚባለው ሲሆን የወጣውም እ.ኤ.አ. በ2003 ነው።

ከዚያ በኋላ ሥዕሉ በመስመሩ ወጥቶ ሰርቨር ወደሚባለው ታላቅ ማከፋፈያ ይሄዳል። (በዚህ ቦታ ብዙ አድባራት ይሳሳታሉ። መስመር ሲገዙ ወደ እነርሱ የሚመጣውን ፍጥነት ብቻ ጠይቀው፣ ከእነርሱ የሚወጣውን ሳይጠይቁ ይዋዋላሉ፤ ኋላም ካሜራውን ይረግማሉ።) ሰርቨሩ የመጣለትን በጥቂት ሰከንድ ልክ እየቆራረሰ ያስቀምጠዋል፤ ተቀባዩም ቁራሹን በተራ እየጠራ ይወስዳል። ይህን መንገድ አፕል የተባለው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2009 አውጥቶት ኤች.ኤል.ኤስ. ተብሎ ተስፋፍቷል። ተቀባዩ መስመሩ ቢደክም ሥዕሉ እንዳይቆምበት ሁለት ሦስት ቁራሽ አስቀድሞ ያጠራቅማል። ስለዚህም በቀጥታ ይባል እንጂ በስልክ የሚመለከተው ሰው ብዙ ጊዜ 20 ወይም 30 ሰከንድ ዘግይቶ ነው የሚያየው። ዲያቆኑ ተነሡ ሲል በቤተ ክርስቲያን ያለው ተነሥቶ ሳለ፣ በአልጋው ላይ ያለው ሕመምተኛ ትእዛዙን ገና አልሰማም። እግዚአብሔር የሁለቱንም መነሣት በአንድነት እንደሚቀበል አንጠራጠርም።

ከዚህ ላይ በስልክ ቅዳሴ መከታተል ማስቀደስ ይባላልን ብለው የሚጠይቁ ብዙዎች ናቸው። በዚህ ነገር ረጅም ክርክር ሊኖር አይገባም። እግር ያለው፣ ጤና ያለው፣ ቤተ ክርስቲያንም የሚቀርበው ሰው በቤቱ ተጋድሞ ቢመለከት አላስቀደሰም፤ ሥጋ ወደሙ በመስተዋት አልፎ አይሰጥምና። ያልቻለ ሰው ግን ቢመለከት መጽናናትን ያገኛል። ጌታችን የመቶ አለቃውን ብላቴና ወደ ቤቱ ሳይገባ በቃሉ ብቻ መፈወሱን እናውቃለንና፣ ሩቅ መሆን ከጸጋ ያርቃል አንልም። የእኛ ጥያቄ ግን ከዚህ ሌላ ስለ ሆነ ወደ እርሱ እንመለስ።

ሌላም የማስተላለፊያ ዐይነት አለ። በታላላቅ በዓላት ሕዝቡ ቤተ ክርስቲያኑን ሞልቶ ሲተርፍ በታችኛው አዳራሽ አራት ቴሌቪዥኖች ይከፈታሉ። በእያንዳንዱም ቴሌቪዥን ሥር ትንሽ የመቀበያ ሣጥን አለ። በዚህኛው መንገድ አስተላላፊው ለአራቱ አራት ጊዜ አይልክም፤ አንድ ጊዜ ብቻ ይልካል። ስዊች የሚባለው የመስመሮች መገናኛ እልፍኝ ለጠየቀው ተቀባይ ሁሉ እያባዛ ያድላል። ለዚህ ተብሎ የተለየ አድራሻ አለ፤ መጀመሪያው ቁጥር ከ224 እስከ 239 ያለው ነው። ተቀባዩ የዚያ አድራሻ ማኅበርተኛ ልሁን ብሎ ይጠይቃል፤ ስዊቹም የጠየቀውን ካልጠየቀው ይለያል። ስዊቹ እንዲለይ ካልታዘዘ ግን ለሁሉ ያፈስሰዋል። በአንድ የኅዳር ሚካኤል ዕለት ይህ ደርሶብናል። ሥዕሉ ባልጠየቀው መስመር ሁሉ ፈስሶ የጽሕፈት ቤቱን መሣሪያዎች በሙሉ አቆማቸው፤ ጸሐፊውም ደረሰኝ ማተም አቅቶት በእጁ ሲጽፍ ዋለ። ወጣቶቹ ምክንያቱን እስኪያገኙ ሦስት ቀን ፈጀ።

በአዳራሹ ያሉትን ተቀባዮች ግን እናውቃቸዋለን። ወርደን ብናይ ማን እንደ ተቀመጠ፣ ማን እንደሚያንቀላፋ፣ የማን ልጅ እንደሚያለቅስ እናያለን። በውጭ ያሉትን የምናውቃቸው በቁጥር ብቻ ነው። በመሣሪያው ጠርዝ ላይ በዚህ ሰዓት ይህን ያህል ሰው ይመለከታል የሚል ቁጥር ይጻፋል፤ ቁጥር ደግሞ ፊት የለውም። ጥፋታችንም የመጣው ከዚህ ነው።

በአንድ እሑድ ቅዳሴው ተፈጽሞ፣ ትምህርቱም ተሰጥቶ፣ ሕዝቡ ከተሰናበተ በኋላ፣ ለትምህርቱ ብለን በልብሳችን ላይ የሰካናትን ትንሽ ማይክ ሳንነቅል ወደ ዐምዱ ሥር ሄደን ቆምን። ማስተላለፊያውን የሚጠብቀው ወጣት ካሜራውን በእመቤታችን ሥዕል ላይ አቁሞ፣ ጸበል ጻድቅ ወደሚታደልበት አዳራሽ ወርዶ ነበር። ሥዕሉ እንዲታይ የተዉት ሕዝቡ በሰላም እንዲለያይ አስበው ነው፤ እኛም ይህን ልማድ ስንወደው ነበርን። በዚያን ጊዜ በዕድሜ የገፉ አንዲት እናት መጥተው ለብቻችን እንዲያነጋግሩን ለመኑን። ሐኪሞች ያገኙባቸውን ጽኑ ደዌ ነገሩን። ሕመሙንም ከአንድ ልጃቸው እንደ ሰወሩት ነገሩን። ልጁ በባሕር ማዶ የመኖሪያ ፈቃዱ ገና ያልተወሰነለት ነበርና፣ ከዚያ ከወጣ ተመልሶ መግባት አይችልም፤ ይህን ቢሰማ ግን የደከመበትን ሁሉ ጥሎ እንደሚመጣ ያውቃሉ። እንግዲህ ይህ ዝምታዬ ሐሰት ሆኖ ይቈጠርብኛልን ብለው ጠየቁን። እኛም የምናውቀውን ያህል መለስንላቸው። ሰባት ደቂቃ ያህል ተነጋገርን።

በእነዚያ ሰባት ደቂቃዎች በተቀባዮቹ ዘንድ የሚታየው የእመቤታችን ሥዕል ነበር፤ የሚሰማው ግን የእኚያ እናት ድምፅ ነበር። ኋላ መዝገቡን ስንመለከት በዚያ ሰዓት 43 ተቀባዮች ነበሩ። ከእነርሱም አንዱ ልጃቸው ነበር።

በማግሥቱ ማታ ስልክ ደወለልን። ጥቂት ጊዜ ዝም ካለ በኋላ፣ «አባታችን፣ ትናንት ሁሉን ሰምቻለሁ። መስማቴን ግን ለእናቴ አይንገሩብኝ፤ እኔን ማሳረፌ ነው ብላ በደስታ ትኑርበት» አለን። እኛም ከዚያ ቀን ጀምሮ ለስምንት ወር ያህል የእናቲቱን ምሥጢር ከልጁ፣ የልጁን ምሥጢር ከእናቲቱ ሰውረን በመካከላቸው ቆምን። ልጁ እሑድ እሑድ እየደወለ ጤናዎ እንዴት ነው ይላል፤ እርሳቸውም ደኅና ነኝ ይላሉ፤ ሁለቱም ያውቃሉ። እናቲቱ አሁን ዐርፈዋል። ልጁም ሌሎች አገልጋዮች እንዲጠነቀቁበት ስም ሳንጠራ እንድንጽፈው ፈቅዶልናል።

ይህን የሰሙ አንዳንድ ወንድሞች ነገሩ ለበጎ ነው ብለው ሊያጽናኑን ፈለጉ። ልጁ ባይሰማ ኖሮ የመጨረሻውን ዘመን በቸልታ ያሳልፈው ነበር፤ ሰምቶ ግን ዘወትር ደወለ፤ በእናቱም ተመረቀ ይላሉ። እውነት ነው። ነገር ግን ዮሴፍን ወንድሞቹ ሸጡት፤ እግዚአብሔርም ያን ሽያጭ ለብዙ ሕዝብ ሕይወት አደረገው፤ እንዲህም ስለ ሆነ ወንድሞቹ ይቅርታ ከመጠየቅ አልዳኑም። ምሥጢሩ የእናቲቱ ነበር። ለመስጠትም ለመከልከልም ባለቤቷ እርሳቸው ነበሩ። እኛ በስንፍናችን የእርሳቸውን ገንዘብ በአደባባይ በተንነው። ነገሩ ሥርዐቱን ጠብቆ የተፈጸመ ኑዛዜ አልነበረም፣ ምክር ነው እንጂ የሚልም አልጠፋም። ይህ ለፍርድ ሸንጎ ይጠቅም ይሆናል። እናቲቱ ግን ከካህን ጋር ብቻዬን ነኝ ብለው ነበር የተናገሩት፤ አንድ ሰው ይህን አምኖ የተናገረውን ቃል የሚጠብቀው የነገሩ ስም ሳይሆን እምነቱ ነው።

ከሁሉ ይልቅ የሚከብደን ሌላ ነው። ቃላቸው እንደ ወጣ ለእናቲቱ አልነገርናቸውም። ልጁ ስለ ለመነን ዝም አልን፤ ዝምታውም ለእኛ የቀለለ ሆኖ አገኘነው። የልጁን ልመና መጠበቅ ተገቢ ነበር፤ ነገር ግን የልጁን መስማት ሳንገልጥ ማይኩ ተከፍቶ እንደ ነበረ፣ ሰው ሰምቶ እንደ ነበረ ነግረን ይቅርታ ልንጠይቃቸው እንችል ነበር። ይህን ቢያውቁ ልጄም ሰምቶ ይሆን ብለው ይጨነቃሉ እያልን ለራሳችን ምክንያት ሰጠን። በአርባቸው ቀን ፍትሐቱን ስናደርስ በልባችን ጠየቅናቸው። ይህ ግን በሕይወት ሳሉ ፊት ለፊት የሚጠየቀውን አይተካም።

ነገሩ በሰበካ ጉባኤ በቀረበ ጊዜ አሳቡ ተለያየ። ካሜራው ከቤተ መቅደሱ ይውጣ ያሉ ሽማግሌዎች ነበሩ፤ ስለ ቅድስና ቀንተው እንደ ተናገሩ እናውቃለንና ቃላቸውን አላቃለልነውም። ሌሎች ደግሞ ወጣቱ ይወቀስ አሉ። ወጣቱም ቆሞ እያለቀሰ ነበር። እኛ ግን አስቀድመን የራሳችንን አኖርን፤ ማይኩ በእኛ ልብስ ላይ ነበረና። ከዚያም በኋላ ስለ ወጣቱ አንድ ነገር ጠየቅን። በዚህ ደብር የሚያገለግል ሁሉ የአገልግሎቱ ስም አለው፤ ቄሰ ገበዙ አለ፣ ደወል የሚደውለው አለ፣ መብራት የሚያበራው አለ፣ ውኃ የሚቀዳው አለ። ይህ ልጅ ግን ምን ይባላል? ማንም መልስ አልነበረውም። «ላይቭ የሚያደርገው ልጅ» ነው የሚሉት። ስም ያልተሰጠው ሥራ ወሰን የለውም፤ ወሰን የሌለውን ሥራ ደግሞ መቼ እንደሚጀምር እንጂ መቼ እንደሚፈጸም የሚያውቅ የለም። ልጁ ቅዳሴው ሲያልቅ ሥራው ያለቀ መሰለው። ደመወዝ አይከፈለውም፤ ያስተማረውም ካህን የለም፤ ከመሄዱ በፊት እንዲያስፈቅድም ያዘዘው አልነበረም።

ስሙ ግን ከጥንት ጀምሮ በቤተ ክርስቲያን ነበረ። ዓፃዌ ኆኅት ይባላል፤ ደጅ ዘጊ ማለት ነው። የቀድሞ አባቶች ይህን ከአገልግሎት መዓርጋት አንዱ አድርገው መቍጠራቸው ያለ ምክንያት አይደለም። ደጁን መክፈት ማንም ይችላል፤ መቼ እንደሚዘጋ፣ ማንን እንደሚያስገባ፣ ማንን በትሕትና እንደሚመልስ ማወቅ ግን አገልግሎት ነው። ንኡሰ ክርስቲያን መጻሕፍት እስኪነበቡ ቆይተው ከዚያ በኋላ እንዲወጡ የታዘዘበት ሥርዐት፣ ቤተ ክርስቲያን ሁሉ ነገር ለሁሉ ጆሮ ነው ብላ እንደማታምን ያሳያል። ሕንፃውም ራሱ ቅኔ ማኅሌት፣ ቅድስት፣ መቅደስ ተብሎ በሦስት መከፈሉ ይህንኑ ይናገራል። አሁን ግን አንድ ደጅ በግድግዳው ላይ ሳይሆን በአየር ላይ ተከፈተ፤ እርሱን የሚዘጋ አልተሾመም። ስለዚህ ሽማግሌዎቹን ጨምሮ ጉባኤው በመጨረሻ የተስማማው ካሜራው እንዲወጣ ሳይሆን ደጁ ጠባቂ እንዲኖረው ነው።

ይህ አሳብ ከተያዘ ሌላው ብዙ ነገር በራሱ ተከተለ። የካሜራው መነጽር ሩቁን የሚያቀርብ ስለ ሆነ፣ ቀራጩ በቅኔ ማኅሌት ቆሞ ሳለ ዐይኑ መጋረጃውን አልፎ ወደ መቅደስ ሲገባ ቆይቶ ነበር፤ ከእንግዲህ እግሩ በማይገባበት መነጽሩም እንዳይገባ ተወሰነ። ሥጋ ወደሙን የሚቀበሉ ምእመናን ፊት እንዳይታይም ተከለከለ። ይህን ብዙዎች እንደ ትንሽ ነገር ያዩታል። ነገር ግን ከብዙ ዓመት ንስሐ በኋላ የቀረበ ሰው አለ፤ ከሚያሳድደው ሰው ተሰውሮ የሚኖርም አለ። የማይታየው ተቀባይ ማን እንደ ሆነ አናውቅምና፣ በማናውቀው ሰው ፊት የሌላውን ፊት አሳልፈን ልንሰጥ ሥልጣን የለንም።

የማስተላለፊያው ቁልፍ ነገርም እንዲሁ ነው። ሰርቨሩ ከማን እንደሚቀበል የሚያውቀው በአንድ ረጅም የምሥጢር ቃል ነው፤ ያን ቃል የያዘ ሁሉ ከየትም ሆኖ በደብሩ ስም ያሻውን ሊያስተላልፍ ይችላል። ይህን ባወቅን ጊዜ ቃሉ የት እንደ ተቀመጠ ጠየቅን። በወረቀት ተጽፎ በኮምፒውተሩ ጠርዝ ላይ ተለጥፎ አገኘነው! የዕቃ ቤቱ ቁልፍ ከቄሰ ገበዙ ወገብ አይለይም፤ ይህኛው ግን ለጠራጊው ሁሉ ይታይ ነበር። አሁን ተለውጦ በሁለት ሰው እጅ ብቻ አለ፤ ከሁለቱ አንዱ አገልግሎቱን ሲተው እንደ ገና ይለወጣል።

የተቀባዩ ነገር ደግሞ ይቀረናል። ከ43ቱ አብዛኞቹ ያደረጉትን አናውቅም። ስለ ሁለቱ ግን ሰምተናል። አንደኛው ነገሩን እንደ ሰማ ወደ ደብሩ ጽሕፈት ቤት ደወለ፤ እሑድ ስለ ነበረ ያነሣለት አልነበረም፤ ሁለተኛም ሦስተኛም ሞክሮ ሲያቅተው ስልኩን ዘጋ። ሌላው ግን የሰማውን ቀርጾ ለወዳጆቹ ላከው። ከሥሩም በጸሎት አስቧቸው የሚል ጻፈበት። ይህ በዘመናችን የተለመደ አለባበስ ነው፤ ሐሜት የጸሎትን ካባ ደርቦ ሲወጣ ማን ያስቆመዋል?

ኖኅ በድንኳኑ ዕርቃኑን በሆነ ጊዜ ካም አየ፤ አይቶም ለወንድሞቹ በውጭ ነገራቸው። ማየቱ ምናልባት ሳይፈልግ የደረሰበት ሊሆን ይችላል፤ ለውጭ መንገሩ ግን ፈቅዶ ያደረገው ነው። ሴምና ያፌት ልብሱን በጫንቃቸው አድርገው የኋሊት ሄደው አባታቸውን አለበሱት። እንግዲህ የሰውን ምሥጢር ድንገት የተቀበለ ተቀባይ ካም ወይም ሴም የሚሆነው በሚቀጥለው ደቂቃ ነው። መስማቱ አይፈረድበትም። ከሰማ በኋላ ጆሮውን ማቅረቡ፣ ድምፁን ከፍ ማድረጉ፣ መቅረጹ፣ መላኩ ግን ከእርሱ ይጠየቃል። አስተላላፊው ሊመልሰው የማይችለውን ነገር ተቀባዩ በጣቱ ሊያስቀረው ይችላልና። እኛ ነገሩን ያወቅነው ዘግይተን ስለ ነበር ሥርጭቱ በራሱ ተቀርጾ እስከ ማታ ድረስ ለሚፈልግ ሁሉ ተቀምጦ ቆይቷል። በማታ ደምስሰነዋል። በዚያ ሰው እጅ ያለውን ግን መደምሰስ የሚችለው እርሱ ብቻ ነበር። ከብዙ ልመና በኋላ ደመሰስሁ ብሎናል፤ የላከላቸው ሰዎችስ?

ከዚህ በኋላ በደብሩ የተሠራው ሥርዐት እንዲህ ነው። ማስተላለፊያው የሚጠበቀው በሁለት ሰው ነው፤ አንዱ ሥዕሉን ሲያይ ሌላው የሚወጣውን ድምፅ በጆሮ ማዳመጫ ይሰማል፤ ሥዕል ቢያምርም ድምፁ የት እንደ ዋለ ዐይን አያውቅምና። ከሁለቱ አንዱ እንኳ ሥርጭቱ ሳይዘጋ ከጠረጴዛው አይነሣም። ከመጨረሻው ቡራኬ በኋላ የሚቆመው የእመቤታችን ሥዕል አሁንም ይቆማል፤ ነገር ግን የማይኮቹ ሁሉ ድምፅ አስቀድሞ ይዘጋል። በማስተላለፊያው ፕሮግራምም ላይ ሥዕሉና ድምፁ 20 ሰከንድ በኮምፒውተሩ ውስጥ ቆይተው እንዲወጡ ተደርጓል፤ የማይገባ ነገር ቢሰማ ወደ ውጭ ሳይወጣ ለማቋረጥ ይበቃል። መጀመሪያ ላይ ይህን መዘግየት የተቃወሙ ነበሩ። በቀጥታ ካልሆነ ምኑን ቀጥታ ሆነ አሉ። ተቀባዩ አስቀድሞም ዘግይቶ እንደሚያይ ባስረዳናቸው ጊዜ ተዉት። ለሚታደሉት ስልኮችም ከሥርጭቱ በታች አንድ ስልክ ቁጥር ይጻፋል፤ ያ ስልክ እሑድም ሰው አለው።

ወጣቱ አገልግሎቱን ሊተው ፈልጎ ነበር። እኛ ግን አንተ የተማርኸውን ሌላ ሰው እንደ ገና በሌላ እናት ላይ እንዲማረው አንፈልግም ብለን መለስነው። አሁን ቅዳሴው ተፈጽሞ ትምህርቱን ስንጨርስ፣ ገና ከመቆሚያችን ሳንወርድ፣ በሕዝቡ መካከል አልፎ ይመጣል። መስቀል ይሳለማል። ከዚያም ማይኳን ከልብሳችን ላይ በገዛ እጁ ነቅሎ፣ መብራቷ መጥፋቱን አይቶ፣ በኪሱ ይዟት ይሄዳል።